የመድረክ ልብስ የሠራው ሰው ስምም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጥበብ ገጻችሁ ስለ ቲያትርና ስለ ፊልም በምታወጧቸው ጽሑፎች የደራሲው፣ የአዘጋጁና የተዋንያኑ ስም አይቀርም። ወደ ልብሱ ሲደረስ ግን ብዙ ጊዜ «አልባሳቱ ያማሩ ነበሩ» ወይም «ዘመኑን አልጠበቁም» ተብሎ ይታለፋል። ማን ነደፈው፣ ማን ቆረጠው፣ ማን ሰፋው አይባልም። ያማረው በምን አማረ፣ የተበላሸውስ የቱ ጋ ተበላሸ የሚለውም አይነሳም። ይህን የምንጽፍላችሁ በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንጠይቀው የልብሱ ሥራ እንደ ትወናው ሁሉ በዝርዝር እንዲታይና የሠራው ሰው በስሙ እንዲጠራ ነው። ለምን እንደሚገባው ለማስረዳት ከሥራው ከራሱ እንነሳለን።

ይህ ሙያ ሲነሳ ስሟ የማይዘለል ሴት አለች፤ ባርባራ ካሪንስካ። በ1886 ካርኪቭ ውስጥ ከጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጥልፍ የለመደችው በልጅነቷ ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ አገሯን ለቃ ፓሪስ ገባች፤ ከዚያ ወደ ለንደን ተሻገረች፤ በ1939 ደግሞ ኒው ዮርክ ከተመች። የዳንስ አቀናባሪውን የጆርጅ ባላንሺንን ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለበሰችው በ1932 ሲሆን የመጨረሻው ሥራዋ የ1977ቱ ነው። በመካከሉ ለቲያትር ሠርታለች፣ ሆሊውድም ገብታለች። ኦስካር በአልባሳት ዘርፍ መሸለም ሲጀምር፣ በ1948 በወጣው የዣን ዳርክ ፊልም የመጀመሪያውን የባለ ቀለም ፊልም ሽልማት ከሌላዋ የአልባሳት ነዳፊ ከዶረቲ ጂኪንስ ጋር የተካፈለችው እሷ ናት።

ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ግን ሽልማቱን አይደለም። ካሪንስካ ከ1932 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በባሌቱ መድረክ የሠራችው የሌሎችን ንድፍ ነበር። ሠዓሊው ክርስቲያን ቤራር በወረቀት ላይ የጣለውን ቀለም ጨርቅ ያደረገችው እሷ ናት። ሌላው ሠዓሊ ማርክ ሻጋል በ1945 ለ«ፋየርበርድ» ባሌት የሣላቸውን አልባሳትም የሠራችው እሷ ናት። በባላንሺን ባሌት ላይ የራሷ ንድፍ በስሟ መውጣት የጀመረው በ1949 ነው። ሠዓሊ ወረቀት ላይ ሲሥል ክንድ አይነሳም፣ ወገብ አይታጠፍም፣ ላብ አይወርድም። ያ ክንፍ የመሰለ እጅጌ ጨርቅ ሲሆን ምን ደግፎ ይይዘዋል? ስፌቱ የት ይደበቃል? ክብደቱን ትከሻ ይሸከመው ወይስ ወገብ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው መቀስ የያዘው ሰው ነው። ባላንሺን ራሱ ካሪንስካ ያለበሰቻቸው ባሌቶቹ ለተሳኩበት ግማሹን ምክንያት ለእሷ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስለ ልብስ ሠሪ የሚናገር አዘጋጅ ዛሬም ጥቂት ነው።

የባሌት ልብስ ጣጣው ከላይኛው ክፍል ይጀምራል። ደረትና ወገብ ላይ እንደ ቆዳ መጣበቅ አለበት፤ ዳንሰኛዋ ግን ስትተነፍስ ጎድኗ ይሰፋል፣ ክንዷን ስታነሳ ጎኗ ይረዝማል። መፍትሔው ሸማኔ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ላይ ነው። ጨርቅን በድሩ በኩል ቢስቡት አይለጠጥም፤ በማጉ በኩልም ቢሆን እምብዛም ነው። ጥግና ጥጉን ይዘው በሰያፍ ሲስቡት ግን ይለጠጣል፣ ሲለቁትም ይመለሳል። ካሪንስካ አንዱን የደረት ልብስ እስከ 15 ከሚደርሱ ቁራጮች ትገጥመው፣ የጎኖቹን ቁራጮች ደግሞ በሰያፍ ትቆርጣቸው ነበር። ዛሬ ላስቲክ ያለበት ጨርቅ የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሠራላት የመቀሱ አቅጣጫ ብቻ ነው።

በሰያፍ መቁረጥ የራሱ መዘዝ አለው። ቁራጩ ወዲያው ከተሰፋ በኋላ ላይ በራሱ ክብደት ይወርድና ልብሱ ይንጋደዳል፤ ስለዚህ ከመሰፋቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ማደር አለበት። መኪናው ላይ ሲሰፋ እጅ ከሳበው ስፌቱ እንደ ማዕበል ይሆናል። ክሩ ቀጥ ባለ ስፌት ከሄደ ደግሞ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ አይለጠጥምና መሐል ትርኢት ላይ ይበጠሳል፤ ጠባብ ዚግዛግ ያስፈልገዋል። ይህ እውቀት ለባሌት ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። የእስክስታ ተወዛዋዥ ልብስ በትከሻና በብብት በኩል የሚቀደደው በአብዛኛው እጅጌው እንደ ሸሚዝ ቀጥ ብሎ ስለሚገጠም ነው። ብብት ሥር በሰያፍ የተቆረጠ፣ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው አራት ማዕዘን እራፊ ቢገባበት ትከሻው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ወገቡ ላይ ያለው ልብስም አብሮ ወደ ላይ አይሰበሰብም። ወጪው አንድ መዳፍ ጨርቅ ነው።

ስለ ቱቱ ጥቂት ዘርዘር እናድርግ፤ ምክንያቱም አንድ የልብስ ሠሪ ውሳኔ የመድረክን ችግር እንዴት እንደሚፈታ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አናውቅም። ቱቱ ለቬሎ ከሚውለው ዓይነት መረብ ጨርቅ ተደራርቦ የሚሠራው አጭር የባሌት ቀሚስ ነው። የተለመደው ቅርጽ እንደ ሰፊ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቆም ከድርቦቹ መሐል የሽቦ ቀለበት ይገባበታል። ባላንሺን «ሲምፎኒ ኢን ሲ» በሚለው ባሌቱ መጨረሻ ላይ ከ50 በላይ ዳንሰኞችን በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ ያወጣል። ቀለበት ያለው ቀሚስ በእንዲህ ያለ ጥግግት ውስጥ ጎረቤቱን ሲነካ በአንዱ በኩል ይወርዳል፣ በሌላው በኩል ይነሳል፤ መስመሩ ሁሉ ይበላሻል። ካሪንስካ በ1950 ቀለበቱን አወጣችው። ስድስት ወይም ሰባት ድርብ የተሸበሸበ መረብ ወሰደች፤ እያንዳንዱን ድርብ ከሥሩ ካለው በግማሽ ኢንች (ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ) አስረዘመችው፤ ጠርዞቹ እኩል እንዲገጥሙ አላስገደደችም፤ በመጨረሻም ድርቦቹን በልል ስፌት እዚህም እዚያም ብቻ አያያዘቻቸው። ቀሚሱ አጭር ስለሆነ ድርቡ ድርቡን ደግፎ ይቆማል፤ ሲነካ ይታጠፋል፣ ወዲያው ይመለሳል። የፊት ዱቄት መቀቢያ የመሰለ ለስላሳ ቅርጽ ስለነበረው በእንግሊዝኛ የወጣለት «ፓውደር ፐፍ» የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራው ቱቱ የዚህ ልጅ ነው።

ይህን ለመኮረጅ የሚሞክር ሰው የሚሳሳተው ማያያዣው ስፌት ላይ ነው። ክሩ ከጠበቀ ድርቦቹ አንድ ላይ ይደርቁና ቀሚሱ እንደ ካርቶን ይሆናል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ድርቦቹ በየፊናቸው ይሄዳሉ። ክሩ ጣት የሚያህል ልቅነት ሊኖረው ይገባል። ሌላው ስህተት አቀማመጡ ነው። ቱቱ እንደ ተራ ቀሚስ በትከሻው ከተሰቀለ መረቡ በክብደቱ ይወርዳል፤ ተገልብጦ፣ ወገቡ ወደ ታች ሆኖ መቀመጥ አለበት። ላብ የገባበትን ልብስ በየቀኑ ማጠብ ስለማይቻል፣ በየቀኑ የሚታጠብ ስስ የውስጥ ልብስ ይደረግበታል፤ ከውጭው ልብስ ብብት ላይ ደግሞ በውሃ የቀጠነ አልኮል ይረጭና አየር ላይ ይሰጣል። የጀርባው መንጠቆ በሁለትና በሦስት ረድፍ የሚሰፋው ያንኑ ልብስ ነገ ሌላ ዳንሰኛ እንድትለብሰው ነው።

የክብደት ጉዳይም አለ። የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ቡድን በሚያሳየው «ነት ክራከር» በሚባለው ባሌት ውስጥ ስምንት ሕፃናት ከሥሯ የሚወጡባት ትልቅ እናት አለች። ቀሚሷ 2 ሜትር ከ70 ያህል ስፋት፣ 39 ኪሎ ያህል ክብደት አለው። እንዲህ ያለውን ልብስ ሰው በእጁ አያጠልቀውም፤ ከላይ በገመድ ይወርድለታል። ስለዚህ ልብሱ የሚሠራው ከመድረክ ቴክኒሻኑ ጋር ተመካክሮ ነው።

ከፋሽን ወደ መድረክ መሻገር ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች የ1924ቱን የኮኮ ሻኔል ሥራ ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል። ሻኔል በዘመኗ አንደኛ የነበረች የፋሽን ሰው ናት። ለዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን «ለ ትሬን ብሎ» የሚባለውን ባሌት ስታለብስ ዳንሰኞቹን በዚያን ጊዜ የባሕር ዳርቻ ልብስ፣ በሹራብ የዋና ልብስ አወጣቻቸው። ሲታይ ያምር ነበር። ነገር ግን ሹራቡ ላላ ያለ ስለነበር ወንዱ ሴቷን ሲያነሳ እጁ የሚይዘው ነገር አጣ፤ ጨርቁ ሰውነቷ ላይ ይንሸራተት ነበር። የፋሽን ልብስ ሲለበስ ሰውየው ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ይቀመጣል። የዳንስ ልብስ ላይ ግን የሌላ ሰው እጅ ያርፍበታል። በዚህ ምክንያት ወገብና ጎን ላይ ዶቃ አይሰፋም፤ የአንሺውን መዳፍ ይቆርጣል። የትም ቢሆን ዶቃ በአንድ ረጅም ክር አይሰፋም፤ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዶቃ በቋጠሮ መዘጋት አለበት። ያለዚያ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም መድረኩ ላይ ይረግፋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዳንሰኛም ይንሸራተትበታል።

ፊልምም ተመሳሳይ ትምህርት አግኝቷል። በ1944 በወጣው «ሌዲ ኢን ዘ ዳርክ» ተዋናይት ጂንጀር ሮጀርስ የምትለብሰው፣ ኢዲት ሄድ የነደፈችው ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ቀሚስ ውስጡ በሐሰተኛ የከበሩ ድንጋዮች ተሸፍኖ ነበር። ለመደነስ እጅግ ከበደ። ስለዚህ ለዳንሱ ውስጡ በቀላል አብረቅራቂ ጌጥ የተሠራ ሁለተኛ ቀሚስ አስፈለገ። ካሜራ ሁለቱን አይለይም፤ ወገብ ግን ይለያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በእኛ አገር የታሪክ ተውኔት አልባሳት ላይ ደጋግመን የምናየው ስህተት የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልብሱ የሚታሰበው ልምምዱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። ተዋናዩ ስድስት ሳምንት በሱሪና በቲሸርት ተለማምዶ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ካባና በርኖስ ይደረብበታል። ደረጃ ሲወጣ ይረግጠዋል፣ ጎራዴ ሲመዝ እጁ ይያዛል። ካባው ባይደርስ እንኳ ክብደቱና ርዝመቱ የሚመሳሰል ተራ ብርድ ልብስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትከሻው ላይ ቢደረግ ይህ ሁሉ ይቀራል።

አዲስ ነጭ ሸማ በመድረክ መብራት ሥር ከልክ በላይ ያበራል፤ የለባሹን ጥቁር ፊት አጨልሞ ያሳያል። በካሜራም ያው ነው። መድኃኒቱ ሻይ ነው። ለ10 ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም ያህል ቅጠል ሻይ ተፈልቶ፣ በደንብ ተጠልሎ፣ የታጠበው ሸማ እርጥብ እንዳለ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተገላበጠ ይነከራል። በአንድ ትዕይንት የሚወጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነከሩ፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር በፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። አስቀድሞ የጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ካለበት ሻዩ አይይዘውም፤ ይህ ደግሞ ባለሱቁ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ያለው እውነት መሆኑን ለመፈተን ይረዳል። ሸማን ሳያጥቡ መቁረጥም አይገባም። የእጅ ሥራ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና ከትርኢቱ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።

ጥለትም እንዲሁ ርቀት ይፈልጋል። ከ15 ሜትር ለሚያይ ሰው ጠባብና ደቃቅ ጥለት አንድ ደብዛዛ መስመር ነው፤ ለመድረክ ሰፋ ተደርጎ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ብቻ ቢሸመን ይነበባል። ለፊልም ግን ተቃራኒው ነው። ካሜራው ጠጋ ሲል የእያንዳንዱ ክር አካሄድ ይታያል፤ የዛሬው የፋብሪካ አብረቅራቂ ክር ከመቶ ዓመት በፊት በሆነ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ይጋለጣል። በጣም ደቃቅና የተጠጋጋ መስመር ያለው ጨርቅ ደግሞ በዲጂታል ካሜራ ላይ ውሃ እንደነካው ይንቀጠቀጣል። ከቀረጻ በፊት ቁራጩን በዚያው ካሜራ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ነጠላ አለባበስ ላይ ብዙ ቃል ማባከን ባያስፈልግ ደስ ባለን፤ ግን ያስፈልጋል። ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል። በጌታው ፊት የሚቆም አሽከር ያደገድጋል። አንድ ነጠላ በአንድ ተዋናይ ላይ የደስታም የሐዘንም የታዛዥነትም ንግግር ነው። ጥለቱን እንደ ድግስ ታች አውርዳ የምታለቅስ እናት ስታጋጥም ከተመልካቹ መሐል ያሉት እናቶች ትወናውን ማመን ያቆማሉ። ይህን የሚያርም ሰው በልምምዱ ላይ መገኘት አለበት፤ ልብሱን አድርሶ የሚሄድ ሳይሆን።

ልብስ በፍጥነት መቀየር ሌላው የመድረክ ፈተና ነው። በሁለት ትዕይንት መካከል 40 ሰከንድ ብቻ ያለው ተዋናይ አሥር ቁልፍ ሊፈታ አይችልም። ቁልፉ ከላይ ለዓይን ተሰፍቶ፣ እውነተኛው መዝጊያ ከሥሩ ይደበቃል። ቬልክሮ (ተጣባቂው መዝጊያ) ይፈጥናል፣ ነገር ግን ሲላቀቅ ጸጥ ባለ ትዕይንት መሐል አዳራሹ ይሰማዋል፤ የነጠላውንም ስስ ክር ይዞ ይተረትራል። ከመጋረጃ ጀርባ ከሆነ ጠንካራ ዚፕ ይሻላል። አልባሹም ተዋናዩም ቅደም ተከተሉን፣ ማን የቱን እጅጌ እንደሚይዝ ጭምር፣ ደጋግመው መለማመድ አለባቸው።

ፊልም ላይ ዋናው ጠላት ጊዜው ተገጣጥሞ አለመቀረጹ ነው። በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነው ትዕይንት በአምስተኛው ሳምንት ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልብስ ከፊት፣ ከጀርባና ከጎን ፎቶ ይነሳል፤ ስንት ቁልፍ ክፍት እንደነበር፣ እጅጌው እስከ የት እንደተጠቀለለ፣ ጭቃው በየትኛው ጉልበት ላይ እንደነበር ይጻፋል። ደም ወይም ዝናብ ያለበት ትዕይንት ከሆነ ያው ሸሚዝ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሸሚዝ የገባ አዘጋጅ ቀረጻው ካልተሳካ ልብሱ እስኪታጠብና እስኪደርቅ ሠራተኛውን ሁሉ አቁሞ ይጠብቃል።

ልብስ ማስረጀትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አዲስ ኮት አፈር ላይ ቢያንከባልሉት የቆሸሸ አዲስ ኮት ይሆናል እንጂ አያረጅም። መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠባል። እርጥብ እንዳለ ኪሶቹ ውስጥ ድንጋይ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ኪሱ እንደ ተለበሰ ልብስ ይወርዳል። ሲደርቅ አንገቱ፣ የእጅጌው ጫፍና ክርኑ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ጀርባው አይነካም፣ ሰው ጀርባውን ቀድሞ አይጨርስምና። ቀለሙ የሚደበዝዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ አቧራው የመጨረሻው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብርጭቆ ወረቀቱ ቀለሙን አንስቶ አዲሱን ጨርቅ ያሳያል።

ወደ ፋሽን የሚሻገር የመድረክ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው የስፌቱን ትርፍ ነው። የመድረክ ልብስ ለሌላ ተዋናይ ሰፋ እንዲደረግ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ውስጡ ይቀመጥለታል፤ የሱቅ ቀሚስ ግን አንድ ተኩል ካለፈ ይከብዳል፣ ይጎረብጣል። በመድረክ አንድ ሰውነት በደንብ ከተለካ በቂ ነው፤ በፋሽን ያው ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ) ለአምስትና ለስድስት ልክ መመጠን አለበት፤ ትከሻና ደረት ደግሞ በእኩል መጠን አያድጉም። ከፋሽን ወደ መድረክ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከርቀት የማይታይ ስስ ስፌት ላይ ሳምንት ይፈጃል፣ ልብሱ በሳምንት ስድስት ቀን እንደሚለበስ ግን ይረሳል።

ስም አለመጻፍ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በ1954 በወጣው «ሳብሪና» ኦድሪ ሄፕበርን የለበሰቻቸውን ዋና ዋና ልብሶች የሠራው የፓሪሱ ፋሽን ነዳፊ ሁቤር ደ ጂቮንሺ ነበር፤ ስሙ በፊልሙ ላይ አልወጣም፣ የአልባሳቱን ኦስካር የወሰደችውም ኢዲት ሄድ ናት። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስሞች የሉም፤ ሰፊው ብቻ ሳይሆን ነዳፊውም «አልባሳት ክፍል» ተብሎ ያልፋል።

ስለዚህ የጥበብ ዓምድ አዘጋጆቻችሁ ቲያትር ወይም ፊልም አይተው ሲጽፉ ነዳፊውንና ቆራጩን ለየብቻ ጠይቀው እንዲጽፉልን እንለምናለን። ከሸማኔ የተገዛ ጥለት ካለበትም የሸማኔው ስም ይጨመር። «አላማረም» ሲሉ ደግሞ የመብራቱ ነው፣ የጨርቁ ነው፣ የአለባበሱ ነው ወይስ የልኩ ብለው ይለዩልን፤ እኛም ነቀፌታውን ይዘን ወደ መቀሳችን እንመለሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድረክና የፊልም አልባሳት ሠራተኞች
ከአዲስ አበባ